ለቤት ላቴ የትኛው ጃስሚን ሻይ? ድቡልቡሉ፣ ልቅ ቅጠሉና ቲባጉ ሲመዘኑ

ቤት ውስጥ የአበባ ጠረን ያለው የአረንጓዴ ሻይ ላቴ ልሥራ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው የወተት መምቻ ነው። ሻዩን ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ እጁ የደረሰበትን ያነሳል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። አረፋ የሌለው ጥሩ ጃስሚን ላቴ ደስ ብሎ ይጠጣል፤ በቀጭን ሻይ ላይ የተከመረ አረፋ ግን ዞሮ ዞሮ ሙቅ ወተት ነው። ስለዚህ እዚህ የሚመዘነው በዋናነት ሻዩ ነው። ጃስሚን አረንጓዴ ሻይ ገበያ ላይ በሦስት መልክ ይገኛል፦ ሱቆች ጃስሚን ፐርል የሚሉት ድቡልቡሉ፣ ልቅ ቅጠሉና ቲባጉ። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፤ ለላቴ መካከለኛ ዋጋ ያለው ልቅ ቅጠል ይበልጣል። ድቡልቡሉ ያለ ወተት ለሚጠጣ ሰው ነው። ቲባግ ሌላ ከጠፋ ይሠራል፣ ግን አንድ ቲባግ ለአንድ ላቴ ፈጽሞ አይበቃም።

ምክንያቱን ለመረዳት ጠረኑ ወደ ቅጠሉ እንዴት እንደሚገባ ማወቅ ይጠቅማል። በቻይና ፉጂያን ክፍለ ሀገር ያለችው ፉጆ የዚህ ሙያ ነባር ከተማ ናት፤ የጃስሚንና የሻይ አመራረቷን የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. በዓለም የግብርና ቅርስነት መዝግቦታል። ዛሬ አበባው በብዛት የሚለቀመው ደግሞ በጓንግሺ፣ ሄንግጆ አካባቢ ነው። እንቡጡ ከቀትር በኋላ ይለቀማል። ማታ ሲፈነዳ ጠረኑን መልቀቅ ይጀምራል፤ ያኔ ከደረቀ የሻይ ቅጠል ጋር ይደባለቃል፣ ቅጠሉም ሌሊቱን ጠረኑን ሲስብ ያድራል። ሲነጋ አበባው ተነፍቶ ይወጣል፤ እርጥበት የጠጣው ሻይም እንደገና ይደርቃል። ደህናው ሻይ ይህን ሥራ በትኩስ አበባ ሦስቴ፣ አምስቴ፣ አንዳንዱም ሰባቴ ያልፍበታል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ በፓኬቱ ውስጥ የሚታየው ደረቅ ነጭ አበባ የጥራት ምልክት አይደለም። ጠረኑን ቅጠሉ ወስዶታል፤ አበባው ሥራውን ጨርሶ የቀረ ገለባ ነው። እርግጥ የሲቹዋን ሰዎች ሆን ብለው አበባውን ትተው የሚሸጡት ሻይ አለ፣ እሱ ግን ለዓይን ነው። ሁለተኛ፣ በአበባ ያደረና ሽታ የተረጨበት ሻይ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ፓኬቱን ገልብጦ ማንበብ ነው። «አረንጓዴ ሻይ፣ የጃስሚን አበባ» ብቻ የሚል ከሆነ ጥሩ። «ፍሌቨሪንግ» የሚል ቃል ካለበት፣ ፊቱ ላይ «ናቹራል» ቢጨመርበትም፣ ሽታው ከጠርሙስ የመጣ ነው። ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ቀላል መፈተኛ አለ፦ አንዴ ከዘፈዘፉት በኋላ በዚያው ቅጠል ላይ እንደገና ሙቅ ውሃ ማፍሰስ። በአበባ ያደረ ቅጠል በሁለተኛው ውሃም ይሸታል። የተረጨው ደረቁን ሲያሸቱት አፍንጫ ይመታል፣ በሁለተኛው ውሃ ግን የለም።

ድቡልቡሉ

በእጅ የሚጠቀለል ለጋ ቅጠልና እንቡጥ ነው፤ አተር ያህላል፣ ነጭና አረንጓዴ መስመር ይታይበታል። ከሦስቱ ውዱ ይሄ ነው፣ ጠረኑም ረቂቅ ነው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፦ ወተት ረቂቅ ነገር አይወድም። የወተቱ ስብ የጠረኑን ከፊል ይዞ ያስቀራል፣ ፕሮቲኑም የሻዩን ጥንካሬ ያለዝባል። ሰባት ሌሊት በአበባ ያደረ ሻይ ከ120 ሚሊ ሊትር ወተት ጋር ሲገናኝ ከመካከለኛው ለመለየት ያስቸግራል። ገንዘቡ የወጣበትን ነገር ወተቱ ይበላዋል።

ሌላው እንቅፋት አፈታቱ ነው። የተጠቀለለው ቅጠል ተዘርግቶ እስኪያልቅ ብዙ ደቂቃ ይፈልጋል። ለልቅ ቅጠል የሚበቃው ሰዓት ሲሞላ አውጥቶ አንዱን በጥፍር ቢፈለቅቁት መሃሉ ገና ደረቅ ሆኖ ይገኛል፤ ያ ያልሠራ ሻይ ነው። ቤት ውስጥ ያለው እሱ ብቻ ከሆነ ውሃውን 85 ዲግሪ አድርጎ ስድስት ደቂቃ መተው ነው። ቅጠሉ አይጣል፤ ሁለተኛውን ውሃ ያለ ወተት ይጠጡት፣ ውበቱ እዚያ ነው ያለው። በማንኪያ ለሚለካ ሰው ደግሞ ማስጠንቀቂያ፦ አንድ የሻይ ማንኪያ ድቡልቡል ከአንድ ማንኪያ ልቅ ቅጠል ሁለት እጥፍ ገደማ ይመዝናል። የአንዱን ልክ ወደ ሌላው መውሰድ አያዋጣም፤ ሚዛን ይሻላል።

ልቅ ቅጠሉ

ለላቴ የሚፈለገው ጠረኑ ጎላ ያለ፣ አፍ የሚሞላና ትንሽ መረር ማለትን የማይፈራ ሻይ ነው። መካከለኛው ልቅ ቅጠል ይህንን ይሰጣል። ውጭ አገር ላለ ሰው የእስያ ግሮሰሪዎች ውስጥ ሁልጊዜ የሚገኘው የፉጂያኑ ሰንፍላወር፣ ቢጫው ቆርቆሮ፣ 227 ግራም የሚይዘው፣ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ለብቻው ሲጠጣ ሻካራ ነው፣ እንግዳ ፊት አይቀርብም። ወተት ሲገባበት ግን ያ ሻካራነት ይለሰልስና ጠረኑ ከላይ ይቀራል። አንድ ቆርቆሮ በሰባት ሰባት ግራም 32 ላቴ ይወጣዋል።

ሲገዙ ቅጠሉ ሙሉ ወይም ጠመዝማዛ ሆኖ መታየት አለበት። ከታች ብዙ ብናኝ ካለው ቶሎ ይመርራል፣ ማጥለያውንም አልፎ ጽዋው ውስጥ ይዘቅጣል።

ቲባጉ

በአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች በብዛት የሚታየው ይሄው ስለሆነ መናቅ አይቻልም። ውስጡ ያለው ደቀቅ ያለ ቅጠል ነው፤ በሁለትና ሦስት ደቂቃ ያለውን ሁሉ ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ምሬት ብቻ ነው። አንዱ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ይይዛል። ላቴ ላይ ሻዩ የሚጠፋባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ይህቺን ሒሳብ ስለማይሠሩ ነው፦ ለወተት የሚበቃ ሻይ ለማግኘት ሦስት ወይም አራት ቲባግ ባንድ ጊዜ መግባት አለበት። አንዱን አሥር ደቂቃ መተው አራቱን አይተካም። ሲያወጡ በማንኪያ ጠምዝዘው አይጭመቁ፤ አፍ የሚያደርቀው ነገር የሚወጣው ሲጨመቅ ነው።

ውሃው፦ ደጋና ቆላ ለየብቻ

አረንጓዴ ሻይ እንደ ቀረፋና ቅርንፉድ ሻያችን እሳት ላይ አይንተከተክም። ውሃው ለብቻው ይፈላል፣ ትንሽ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ቅጠሉ ይዘፈዘፋል። ውሃው በጣም ሲግል ካቴኪን የሚባሉት መራራ ነገሮች በብዛት ይወጣሉ፣ ጠረኑም በእንፋሎት ይሄዳል። ለልቅ ቅጠልና ለቲባግ የሚመቸው 80 ዲግሪ ነው።

ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ቀዝቃዛ ውሃ በመቀላቀል ይደርስበታል፤ ልኩ ግን እንደ አገሩ ከፍታ ይለያያል። የውጭ አገር አሠራሮች ይህን አይነግሩም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እዚህ 150 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ላይ 30 ሚሊ ሊትር የቧንቧ ውሃ ቢጨመር 80 ይሆናል። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ላለ ሰው ውሃው 100 ላይ ስለሚፈላ 135 የፈላና 45 ቀዝቃዛ ያስፈልጋል። ይህ የቧንቧው ውሃ 20 ዲግሪ ገደማ ነው ተብሎ ነው፤ የዱባይ የበጋ ቧንቧ ግን ራሱ ትኩስ ነውና እዚያ ከማቀዝቀዣ የወጣ ውሃ ቢሆን፣ መጠኑንም ትንሽ ቀነስ ማድረግ ነው።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ክዳን ያለው ብርጭቆ ወይም ሸክላ ማንቆርቆሪያ ይበቃል። ቡና የፈላበት ጀበና ግን አይነካ፤ ቢያጥቡትም የቡናው ጠረን ሸክላው ውስጥ ነው።

አሠራሩ

ለአንድ ትልቅ ኩባያ 7 ግራም ልቅ ቅጠል፣ 180 ሚሊ ሊትር ባለ 80 ዲግሪ ውሃ፣ አራት ደቂቃ፣ ክዳኑ ተከድኖ። ቅጠሉ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይጠጣና 150 ገደማ ይተርፋል። ይህ ሻይ ለብቻው ሲቀመስ ከልክ በላይ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ለብቻው የሚጥም ከሆነ ወተት ሲገባ ይጠፋል። ስኳር 10 ግራም፣ ማለትም ሁለት ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ ሻዩ ትኩስ እያለ ይሟሟል። ከዚያ 120 ሚሊ ሊትር ሙቅ ወተት። አምስት እጅ ሻይ ለአራት እጅ ወተት ነው፤ እንደ ማኪያቶ ወተቱን ካበዙት አበባው አይሰማም።

ወተቱ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ይበቃዋል። ድስቱ ዳር ላይ ጥቃቅን አረፋ መታየት ሲጀምር፣ ጣት ለአፍታ ብቻ የሚችለው ሲሆን ማለት ነው። ከ70 ካለፈ የተቀቀለ ወተት ቃና ያመጣል፣ አረፋውም አይቆምም። በባትሪ የምትሠራዋ ትንሽ መምቻ ለቤት በቂ ናት፤ ረጅም ዕቃ ውስጥ ወተቱን ከግማሽ ሳያሳልፉ ጫፏን ከላይኛው ገጽ ጥቂት ዝቅ አድርጎ ሃያ ሰከንድ፣ ከዚያ ወደ ታች ሰዶ አሥር ሰከንድ። መምቻ የሌለው ሰው ፍሬንች ፕሬስ (የሚገፋ ማጥለያ ያለው የቡና ዕቃ) ውስጥ ጨምሮ ደጋግሞ ቢገፋው ያው አረፋ ይወጣዋል።

ሙሉ ስብ ያለው፣ ፓስቸራይዝድ የሆነ ወተት ከሁሉም ይሻላል። ወራት የሚቆየው የካርቶን ወተት ሲታሸግ በከፍተኛ ሙቀት ስላለፈ የራሱ ጠረን አለው፤ ለቀዝቃዛው ላቴ ይሆናል፣ ለትኩሱ ግን ከአበባው ጋር ይጋፋል። ከሰፈር የሚገዛ ጥሬ ወተት መፍላቱ ግዴታ ነው። ፈልቶ ባልተከደነ ዕቃ ወደ 60 ዲግሪ ይውረድ፣ ከላይ የያዘው ስልባቦት ይነሳ፣ ከዚያ ይመታ። ስልባቦቱ ካልተነሳ መምቻው ላይ ይጠመጠማል።

የብዙ ሰው ጥያቄ፦ «ለምን አረንጓዴ አልሆነም?» ጃስሚን ሻይ ገርጣ ያለ ቢጫ ነው፤ ወተት ሲገባ ክሬም ይመስላል። በፎቶ የሚታየው ደማቅ አረንጓዴ ማቻ፣ ማለትም ተፈጭቶ ዱቄት የሆነ አረንጓዴ ሻይ ነው። ቀለሙን የሚፈልግ አንድ ግራም ማቻ በሻይ ማጥለያ ነፍቶ፣ በሁለት ማንኪያ ሙቅ ውሃ በጥብጦ ሻዩ ላይ ማከል ይችላል። ከአንድ ግራም ሲበልጥ የሣር ቃናው አበባውን ይሸፍነዋል።

ቀዝቃዛው

በኛ ግምት ይህ መጠጥ በበረዶ ይበልጣል። ወተቱ ስላልሞቀ የወተት ጠረን አይጋፋም። ቅጠሉን 8 ግራም፣ ሰዓቱን አምስት ደቂቃ ማድረግ፣ ስኳሩን በትኩሱ ማሟሟት፣ 100 ግራም በረዶ ላይ ማፍሰስ፣ ከዚያ 90 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ወተት። በረዶው ሲሟሟ ስለሚያቀጥነው ነው ቅጠሉ የበዛው። በቀዝቃዛ ውሃ አሳድሮ መሥራትም ይቻላል፦ 12 ግራም በ250 ሚሊ ሊትር፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ስምንት ሰዓት። ምሬት የለውም፤ ወተት ሲገባ ግን ለዘብ ይላል፣ ስለዚህ ወተቱን ወደ 60 ሚሊ ሊትር ዝቅ ማድረግ።

የቻይና የሻይ ሱቆች የሚሸጡትም ባመዛኙ እንዲህ ያለውን ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በዩናን የተጀመረው ቻጂ ዋና መጠጡ ጃስሚን አረንጓዴ ሻይ በወተት ነው፤ በ2025 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የመጀመሪያውን የአሜሪካ ሱቁን ከፍቷል። በአቅራቢያው ያለ ሰው አንዴ ስኳሩን አስቀንሶ ቢቀምስ ሻዩ ከወተቱ በላይ መሰማት ያለበት ምን ያህል እንደሆነ ይገባዋል።

በጾም

ለጾም ከሚገዙት ውስጥ አንደኛው ላቴ ለመሥራት ተብሎ የተዘጋጀ የአጃ ወተት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ካርቶኑ ላይ «ባሪስታ» ይላል። ዘይትና ማረጋጊያ ስላለው አረፋ ይይዛል፣ ቃናውም ለአበባ ቦታ ይለቃል። ራሱ ጣፋጭ ስለሆነ ስኳሩ በግማሽ ይቀነስ። የአኩሪ አተር ወተት አረፋው ጥሩ ነው፣ የባቄላ ቃናው ግን አለ። ኮኮናትና ለውዝ ጠረኑን ይውጡታል። ሱፍም እንዲሁ፤ ሱፍ ለፍትፍት።

ቤት ውስጥ አጃ ፈጭቶ ማጥለል ርካሽ ነው፣ ግን ለትኩስ ላቴ አይሆንም። ስታርቹ ሲሞቅ እንደ አጥሚት ይያያዛል። ለቀዝቃዛው ከተፈለገ 80 ግራም አጃ በ800 ሚሊ ሊትር በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ሠላሳ ሰከንድ ብቻ መፍጨትና ሳይጨምቁ ማጥለል ነው። ብዙ ከተፈጨ ወይም ከተጨመቀ ይዝለገለጋል።

ሌሎች አበባዎች

አረብ አገርና እስራኤል ላሉ የጽጌረዳ ውሃና የብርቱካን አበባ ውሃ በየሱቁ አለ። ሁለቱም ከአረንጓዴ ሻይ ጋር ይሄዳሉ፤ ልኩ ለአንድ ኩባያ ሩብ የሻይ ማንኪያ ነው፣ የሚገባውም መጨረሻ ላይ፣ ወተቱ ከገባ በኋላ። ግማሽ ማንኪያ ሲሆን ሳሙና መጠጣት ይሆናል። ላቬንደርም እንዲሁ ጠባዩ አስቸጋሪ ነው፣ ከሩብ ማንኪያ ደረቅ አበባ ባያልፍ። ከርከዴ ግን ፈጽሞ አይግባ፤ ኮምጣጣ ስለሆነ ወተቱን ያፈርሰዋል፣ የአኩሪ አተሩንም ያረጋዋል። ሎሚም ያው ነው።

ከአበባ ሻጭ የተገዛ ጽጌረዳ መበጠስና መዘፍዘፍ የሚያስቡ አሉ። የዝዋይና የሆለታ ጽጌረዳ ለማስቀመጫ የሚመረት ነው፤ ለምግብ ታስቦ ስላልተረጨ ጽዋ ውስጥ ቦታ የለውም። ግቢ ውስጥ ያለ ጠንበለልም ቢሆን ሽታው ጥሩ ነው ተብሎ አይዘፈዘፍም።

ለማጣፈጫ ነጭ ስኳር ከሁሉም ንጹሕ ነው። ማር ከተፈለገ የትግራይ ነጭ ማር፤ ጠቆር ያለው የጫካ ማር የራሱን አበባ ይዞ ስለሚመጣ ጃስሚኑን ያሸንፈዋል።

አቀማመጥ

የአበባ ጠረን የሚስብ ቅጠል የሌላውንም ይስባል። በርበሬና ኮረሪማ ያለበት ቁም ሣጥን ውስጥ በተከፈተ ፓኬት የቆየ ጃስሚን ሻይ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽሮ ሽሮ ማለት ይጀምራል። ቡና በሚቆላበትና ዕጣን በሚጨስበት ክፍል ክፍቱን አይተው። ጥብቅ ክዳን ያለው ቆርቆሮ፣ ብርሃን የማይገባበት ሌላ ክፍል፣ ከተከፈተ በስድስት ወር ማለቅ። ማቀዝቀዣ ውስጥ የተከፈተ ፓኬት ማስገባት እርጥበት ያመጣበታል።

ሁለት ነገር ለጤና። ከሻይ ቅጠል ደረቅ ክብደት ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚሆነው ካፌይን ነውና ባለ 7 ግራሙ ላቴ ለመኝታ ሰዓት አይሆንም። ሻይ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ስለሚያግድም፣ የደም ማነስ ያለበት ሰው ከምግብ ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢጠጣው ይመረጣል።

ለእንግዳ ቀደም ብሎ ማዘጋጀት የሚፈልግ ሰው ሻዩን ብቻ አጥልሎ፣ በስኳር፣ በተከደነ ጠርሙስ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ ማግስቱ ማቆየት ይችላል። ወተት አስቀድሞ አይግባበት። እንደገና ማሞቅም ጠረኑን ስለሚያጠፋው፣ ያደረው ሻይ በበረዶ ይቅረብ።